ደላላው ሳይቀድመን

ባለፈው ወር ልጆች በቤት ውስጥ እንዴት እንደሚያጠኑ ጥቂት ተናግረን ነበር። በዚህ ወር ደግሞ ጥናቱን ፈጽሞ፥ ወይም ሳይፈጽም አቋርጦ፥ እንጀራ ፍለጋ ከአባቱ ቤት ስለሚወጣው ልጅ እንጽፋለን። ነገሩን የምንጽፈው ዐዋቂ ነን ብለን ሳይሆን ጥፋት ስላለብን ነውና በትዕግሥት አንብቡልን።

በጥሊሊ ከተማ መካከል የሚያልፈው አውራ ጎዳና ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ማርቆስና በቡሬ በኩል ወደ እንጅባራ፥ ወደ ዳንግላና ወደ ባሕር ዳር የሚሄደው ነው። በዚህ ጎዳና ዳር መስቀል ካለፈ በኋላ፥ ደግሞም የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት በተሰማ ሰሞን፥ በየጧቱ የሚታይ አንድ ነገር አለ። ጉሙ ገና ሳይገለጥ፥ የደጋው ብርድ ጣት በሚያደነዝዝበት ሰዓት፥ ትንንሽ ቦርሳ ያነገቱ ልጆች መኪና ይጠብቃሉ። አንዳንዱን እናቱ ነጠላዋን ተከናንባ ትሸኘዋለች፤ አንዳንዱ ግን ለቤቱ ሰው ሳይናገር የወጣ መሆኑ ከዐይኑ ያስታውቃል። ከመካከላቸው አንድ በዕድሜ ከፍ ያለ ሰው ስልኩን ከጆሮው ሳይለይ ወዲያና ወዲህ ይላል፤ ራስ ይቈጥራል፤ ከሾፌሩ ጋር በሹክሹክታ ይነጋገራል። እርሱ ደላላው ነው።

ከእነዚህ ልጆች አንዱ የእኛ ተማሪ ነበረ። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና የተሰጠው በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ሲሆን፥ ውጤቱ በጥር በተነገረ ጊዜ በአገሪቱ ሁሉ ከተፈተኑት መካከል 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 ከመቶ ብቻ መሆናቸውን ሁላችን እናስታውሳለን። ከ100 ልጅ ወደ 97 የሚሆኑት ወደቁ ማለት ነው። የእኛም ተማሪ ከወደቁት አንዱ ሆነ። ሪሚዲያል የሚባለው የማሻሻያ ትምህርት ለአንዳንዶቹ ቢደርሳቸውም ለእርሱ አልደረሰውም።

በየካቲት አንድ ቀን ከክፍል ስንወጣ በር ላይ ጠበቀንና፥ «ጋሼ፥ አዲስ አበባ ልሄድ ነው፤ እዚያ ስደርስ ምን ሥራ ብይዝ ይሻለኛል?» ሲል ጠየቀን። እኛም የተማሪዎች ደብተር ታቅፈን ነበርና ጥቂት ቆም ብለን፥ «ልጄ፥ እግዚአብሔር ያውቃል፤ አንተ ብቻ ጠንክር፥ ክፉ ጓደኛም አትያዝ» ብለን መረቅነው። መልሳችን ያማረ መስሎን ነበር። ልጁ ግን የጠየቀን ምርቃት አልነበረም።

በዚያው ሳምንት ያንኑ ጥያቄ ለደላላው አቀረበለት። ደላላው መልስ ነበረው። ሥራው ጥበቃ እንደ ሆነ፥ ደመወዙ ስንት እንደ ሆነ፥ ማደሪያው የት እንደ ሆነ፥ ለራሱም ለደላላው ስንት እንደሚከፈለው ሳይንተባተብ ነገረው። ከተናገረው ሁሉ እውነት ሆኖ የተገኘው የመጨረሻው ብቻ ነበረ። እናቲቱ አንዲት ጊደር ሸጠች፤ ልጁም ሄደ።

አዲስ አበባ በደረሰ ጊዜ ለጥበቃ ሥራ የሚቀጥሩት ሰዎች ተያዥ እንዲያመጣ ጠየቁት። ተያዥ ማለት በከተማው የታወቀ፥ ደመወዝ ያለው፥ ሠራተኛው ጠፍቶ ንብረት ቢጐድል እኔ እከፍላለሁ ብሎ የሚፈርም ሰው ነው። ልጃችን በዚያ ከተማ የሚያውቀው ሰው ቢኖር ከጥሊሊ አብረውት የሄዱት ሁለት ልጆች ብቻ ነበሩ፤ እነርሱም ተያዥ ፈላጊዎች እንጂ ተያዦች አልነበሩም። ደላላውም ስልኩን ዘጋ። ከዚያ በኋላ የሆነው ለብዙዎቻችሁ አዲስ አይደለም። ልጁ ሕንፃ በሚሠራበት ቦታ አሸዋና ብሎኬት ተሸካሚ ሆነ፤ ከአሥር ሰው ጋር አንድ ክፍል ተከራይቶ አደረ፤ ሥራውን በኮንትራት የያዘው ሰው የሁለት ሳምንት ደመወዙን ይዞበት ተሰወረ። በሐምሌ መጀመሪያ፥ ከወጣ በአምስተኛው ወር፥ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ቡሬ በቀትር ደርሶ ሳለ እስኪመሽ ድረስ እዚያው ቈይቶ፥ ጥሊሊ የገባው ሰው እንዳያየው በጨለማ ነበር። ይህን የነገረችን እናቱ ናት።

ጥቂት ቀን ቈይቶ እርሱም ወደ እኛ መጣ። ወቀሳ ይዞ የመጣ መስሎን ደንግጠን ነበር፤ እርሱ ግን ሌላ ነገር አጫወተን። በአዲስ አበባ አንድ ቀን ሥራ ሲፈልግ፥ በመንገድ ዳር የቀርከሃ ወንበርና አልጋ ተደርድሮ የሚሸጥበትን ስፍራ አገኘ። የቀርከሃውንም ዐይነት ባየ ጊዜ ከየት እንደ መጣ ወዲያው ዐወቀ፤ ባለሙያውን ቢጠይቀውም በጭነት መኪና ከእንጅባራ የመጣ ነው አለው። ባለሙያውም ልጁ አተኵሮ ሲመለከት አይቶ፥ «ሥራ ትፈልጋለህ? ምን ትችላለህ?» አለው። ልጁ፥ «ምንም አልችልም፤ ያገኘሁትን እሠራለሁ» ሲል መለሰ። ባለሙያውም ተሸካሚ እንደማይፈልግ ነግሮት ወደ ሥራው ተመለሰ።

አንባቢ ሆይ፥ ይህ ልጅ ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ ከአባቱ ጋር ቀርከሃ ሲሰነጥቅ ያደገ ነው! የትኛው ለጋ፥ የትኛው የበሰለ እንደ ሆነ በጣቱ መትቶ ድምፁን በመስማት ያውቃል። በቅዳሜ ገበያ የሚሸጡትን የአባቱን ወንበሮች መቀመጫ የሚጐነጉነው እርሱ ነበር። ታዲያ ስለ ምን «ምንም አልችልም» አለ? ይህን በጠየቅነው ጊዜ መልሱ አጭር ነበር። ሥራ ነው ብሎ አላሰበውም፤ አባቱ የሚሠራው ነበርና።

ይህ ቃል ብዙ ሌሊት እንቅልፍ ነሥቶናል። ልጁን አሥራ ሁለት ዓመት አስተምረነዋል። በሒሳብ፥ በእንግሊዝኛ፥ በፊዚክስ ስንት እንዳገኘ በካርዱ ላይ ጽፈንለታል። እጁ ስለሚያውቀው ነገር ግን አንድም መምህር አንድም ቀን አልጠየቀውም፤ በካርዱም ላይ ለዚያ የተተወ መስመር የለም። ስለዚህ በወደቀ ጊዜ ባዶ እጁን የቀረ መሰለው። «ያገኘሁትን እሠራለሁ» ብሎ ለሚመጣ ሰውም፥ ሌላው የጠላው ሸክም ሁሉ ለእርሱ ይተርፈዋል።

በአገራችን የእጅ ሥራን መናቅ አሮጌ በሽታ ነው። ሸማኔውን፥ ቀጥቃጩን፥ ሸክላ ሠሪዋን መስደብ ምን ያህል ሥር ሰድዶ እንደ ነበረ ለማወቅ፥ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ አዋጅ እስከ ማስነገር መድረሳቸውን ማስታወስ ይበቃል። ስድቡ ከዚያ ወዲህ ቀንሷል እንበል፤ ንቀቱ ግን መልኩን ለውጦ በእኛ በመምህራኑ ዘንድ ተቀምጧል። ሰነፍ ተማሪን፥ «ካልተማርህ እንደ አባትህ ቀርከሃ ስትሰነጥቅ ትኖራለህ» ብለን አስፈራርተን አናውቅምን?

«ምከረው፥ ምከረው፤ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» የሚለውን ተረት ሁላችን እንናገራለን። ተረቱ ግን መከራው የሚመጣው ሁለት ጊዜ ከተመከረ በኋላ ነው ይላል። እኛ አንዱንም ሳንመክር ልጁን ለመከራ አሳልፈን ሰጠን፤ በእኛና በመከራው መካከል ባለው ባዶ ስፍራ ደግሞ ደላላው ገብቶ መካሪ ሆነ። ደላላን ሁሉ ክፉ ነው አንልም፤ ብዙውን ጊዜ የጎረቤታችን ልጅ ነው፤ እርሱም አንድ ቀን እንዲሁ ሳይመከር የሄደ ነው። ነገር ግን ምክሩ የሚከፈለው በልጁ መሄድ እንጂ በልጁ ሥራ ማግኘት አይደለም። ልዩነቱን ወላጅ ሁሉ ልብ ሊለው ይገባል።

አባቶቻችን ልጅን ወደ ሩቅ አገር መላክ አያውቁም ነበር እንዳንል፥ የቤተ ክርስቲያን ተማሪ አለልን። የጎጃም ልጅ ዜማ ሊማር ወደ ቤተ ልሔም፥ አቋቋም ሊማር ወደ ጎንደር፥ ዝማሬ መዋሥዕት ሊማር ወደ ዙር አምባ ይሄድ ነበር፤ የሌላውም አገር ልጅ ቅኔ ፍለጋ ወደ ዋሸራና ወደ ጎንጅ ይመጣ ነበር። ደበሎውን ለብሶ፥ አኵፋዳውን አንግቶ፥ ውሻ እየተከላከለ ይሄዳል፤ ኑሮው የለማኝ ኑሮ ነው። ሆኖም ከቤቱ ሲነሣ የሚሄድበትን ደብር ስም፥ የመምህሩን ስም፥ የሚማረውን ትምህርት ስም ያውቃል፤ ከእርሱ በፊት ሄዶ የተመለሰ አንድ ዲያቆን መንገዱን ነግሮታልና። እዚያም በደረሰ ጊዜ የኔታ የሚጠይቁት የመጀመሪያ ጥያቄ «የቱ ጋ ደርሰሃል?» የሚል ነው። ዳዊት ደግሞ እንደ ሆነ፥ ጾመ ድጓ ዘልቆ እንደ ሆነ ይሰማሉ፤ ከደረሰበትም ያስቀጥሉታል እንጂ ከፊደል አያስጀምሩትም። እኛም በልጅነታችን በእንደዚህ ያለ ጉባኤ ጥቂት ዓመት ተቀምጠናልና፥ እንግዳ ሆኖ ሲደርሱ የሚያውቁትን መጠየቅ ምን ያህል ልብን እንደሚያሳርፍ እናውቃለን።

በቅዱስ መጽሐፍም በሐዋርያት ሥራ የምናነበውን እናስታውስ። አቂላና ሚስቱ ጵርስቅላ፥ ቀላውዴዎስ ቄሣር አይሁድ ሁሉ ከሮሜ እንዲወጡ ባዘዘ ጊዜ ተሰደው ወደ ቆሮንቶስ የመጡ ናቸው። ቅዱስ ጳውሎስም ወደዚያች ከተማ በእንግድነት በመጣ ጊዜ ወደ እነርሱ ገብቶ አብሮ ይሠራ ነበር፤ ሥራቸው አንድ፥ ይኸውም ድንኳን መስፋት ነበርና። ሦስቱም ስደተኞች ናቸው፤ ሦስቱንም በባዕድ ከተማ አንድ ጣራ ሥር ያገናኛቸው ሙያቸው ነው።

ይህንኑ በአዲስ አበባም እናየዋለን። ከጋሞ ደጋ የመጣ የዶርዜ ልጅ ሽሮ ሜዳ ሲደርስ ምን ልሥራ ብሎ አይጨነቅም፤ ከዘመዱ ዘንድ ገብቶ መጀመሪያ ድውር እያደወረ፥ ቀጥሎ መወርወሪያውን እየያዘ ይለምዳል። የጉራጌም ልጅ መርካቶ ሲገባ ዘመዱ ሱቅ ውስጥ ቈሞ ዕቃ በማቀበል ይጀምራል፤ ቈይቶ ዕቁብ ይገባል፤ ቈይቶ የራሱን ይከፍታል። እነዚህ ሕዝቦች በመሥሪያ ቤት የተቀመጠ የሥራ አማካሪ አልነበራቸውም፤ ከእነርሱ በፊት የሄደው ሰው በሩን ከፍቶ ስለ ጠበቃቸው ግን ሥራ አላጡም። ስለ አዊ ልጆች እንዲህ ማለት እንችላለን? ቀርከሃችን አዲስ አበባ ደርሶ ወንበር ይሆናል፤ ልጃችን እዚያው ደርሶ አሸዋ ይሸከማል። ዲከረንስ ከምንለው ዛፍ የምናከስለው ከሰልም አገር አልፎ ይሄዳል፤ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ያንን ዛፍ በሽታ ስለ መታው በከሰል ይተዳደር የነበረው ብዙ ቤት ልጆቹን ወደ መንገድ እያወጣ ነው። ስለዚህ መንገደኛው እየበዛ ይሄዳል እንጂ አያንስም።

እንግዲህ ቤተ ሰብ ምን ያድርግ? ልጁን አትሂድ ብሎ ማሰር አይቻልም፤ ሁልጊዜም ተገቢ አይደለም። ነገር ግን ከመሄዱ በፊት አንድ ምሽት አባትና እናት፥ የክርስትና አባቱም ቢኖር፥ ልጁን አስቀምጠው የሚችለውን ሁሉ በወረቀት ይጻፉለት። ድንች በጎተራ ሳይበሰብስ ማቈየት፥ ፈረስ መግራት፥ ንብ ማነብ፥ ቀርከሃ መሥራት፥ ሞባይል መጠገን፥ የማኅበር ሒሳብ መያዝ፥ አማርኛንም አዊኛንም መናገር፥ ይህ ሁሉ ሙያ ነው። ከዚያም በኋላ፥ «ይህን ሙያ የሚፈልገው ማን ነው? የት ነው?» ብለው ይጠይቁ። ምናልባት መልሱ አዲስ አበባ ሳይሆን እንጅባራ ወይም ቡሬ ሊሆን ይችላል። በቡሬ የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ፓርክና ትልቅ የዘይት ፋብሪካ መቋቋሙን እያወቅን፥ ስንቶቻችን ነን ልጃችንን ወደዚያ ልከን እንዲጠይቅ ያደረግን? አራት መቶ ኪሎ ሜትር ከመሄድ በፊት የጎረቤትን በር ማንኳኳት ይቀድማል።

በእጁ ለሚያውቀው ሙያ ደግሞ ወረቀት ማግኘት እንደሚችል ብዙ ሰው አያውቅም። ሰው በልማድ ሲኦሲ የሚለው የሙያ ብቃት ምዘና ለማሠልጠኛ ቤት ተማሪዎች ብቻ የተሠራ አይደለም። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የቴክኒክና ሙያ ትምህርት ስልት እንደሚለው፥ አንድ ሰው ሙያውን በማሠልጠኛ ቤትም ይልመደው በአባቱ ደጅ፥ ችሎታውን ካሳየ ተመዝኖ የምስክር ወረቀት ሊቀበል ይችላል። በሌላው ዓለምም ይህን አስተውለዋል። ብዙ ስደተኛ የሚቀበለው የጀርመን መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2012 በሥራ ላይ ባዋለው ሕግ፥ በውጭ አገር ሙያ የተማረ ሰው ሙያው ከጀርመን ሙያ ጋር እንዲመዘንለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። የውጭ አገር ሐኪም በበርሊን ሳህን አጣቢ ሆኖ ቢቀር፥ ጉዳቱ የሐኪሙ ብቻ እንዳልሆነ ገብቷቸዋልና።

የወረቀት ነገር ከተነሣ አይቀር ጥቂት እንጨምር። ቦታ ለመለወጥ የሚያስብ ልጅ ከቀበሌው መሸኛ ይዞ ይውጣ፤ መሸኛ የሌለው ሰው በሄደበት ከተማ የነዋሪነት መታወቂያ ማግኘት ይቸግረዋል፤ ያለ መታወቂያም በር ሁሉ ይጠብበታል። ፋይዳ የተባለውን ብሔራዊ መታወቂያ ገና ከቤቱ ሳይወጣ ያውጣ። የትምህርት ማስረጃውን ዋናውን በቤት ትቶ ቅጂውን ይዞ ይሂድ። በወረዳው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ሥራ ፈላጊ ሆኖ ይመዝገብ፤ ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ከተቋቋመ በኋላ የሥራ ፈላጊዎች ምዝገባ በኮምፒዩተር መረብ እየገባ ነው። በጽሕፈት ቤት ተመዝግቦ ሥራ ያላገኘ ብዙ ሰው እንዳለ እናውቃለን፤ ሆኖም ያልተመዘገበን ማንም ፈልጎ አይጠራውም። ስለ ተያዥም አስቀድሞ ይታሰብ። በአዲስ አበባ የሚኖር ዘመድ ወይም ያገር ልጅ ካለ ወላጁ ራሱ ደውሎ ይለምንለት፤ ልጁ በአውቶቡስ ተራ ቈሞ የሚያደርገው ልመናና አባት ከቤቱ ሆኖ የሚያደርገው ልመና ክብደቱ አንድ አይደለም።

ሥራ በያዘ ጊዜ ደግሞ ሕጉን ይወቅ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156፥ የሥራው ሰዓት በቀን ከ8፥ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ፥ የሙከራም ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን እንዳያልፍ ይደነግጋል። ውሉ በጽሑፍ ያልተደረገ እንደ ሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ፍሬ ነገር ጽፎና ፈርሞ ለሠራተኛው እንዲሰጥ ያዝዛል። ልጃችን ይህን አንዱን ቢያውቅ ኖሮ፥ የሁለት ሳምንት ደመወዙን የበላውን ሰው ቢያንስ በስሙ ሊከስሰው በቻለ ነበር፤ እርሱ ግን የሰውየውን የአባት ስም እንኳ አያውቅም። ይህ አዋጅ በሰው ቤት ተቀጥረው የሚያገለግሉትን አይጨምርም። ስለዚህ ሴት ልጁን ለቤት ሥራ ወደ ከተማ የሚሰድ ወላጅ የአሠሪዪቱን ቤት፥ ስምና ስልክ ሳያውቅ አይስደዳት፤ ሕጉ በማይደርስበት ቦታ የወላጅ ዐይን ካልደረሰ ማን ይደርሳል?

ወደ መተማና ወደ ሁመራ ለሰሊጥ አረምና አጨዳ የሚወርዱትንም አንርሳ። የደጋ ልጅ ወባን ያልለመደ ደም ይዞ ቈላ ይወርዳል። አጎበር ይዞ መውረድ ከስንቅ ሁሉ የሚበልጥ ስንቅ ነው። ከወባ ሌላ ካላ አዛር የሚባል፥ በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ በሽታ አለ፤ ይህ በሽታ ሰውየው ወደ አገሩ ከተመለሰ ከሳምንታትና ከወራት በኋላ ብቅ ሊል ይችላል፤ ካልታከመም ይገድላል። ትኵሳቱ አልለቅ ያለው፥ ሆዱ በግራ ጎኑ ያበጠ ተመላሽ ለሐኪሙ «ቈላ ወርጄ ነበር» ብሎ ይናገር። ሐኪሙ ሳይነገረው ሊያውቅ አይችልም።

ባሕር ማዶ ስለ መሄድ ብዙ ተጽፏልና በአጭሩ እናልፋለን። በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ዓረቢያ ከ160000 የሚበልጡ ወገኖቻችን በጥቂት ወራት ውስጥ ሲመለሱ፥ ወደ መካከለኛው ምሥራቅ ለሥራ መሄድ በዚያው ዓመት ተከልክሎ ነበር፤ ክልከላው በ2010 ዓ.ም. ተነሣ። በ2008 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 923 ተጓዡ 18 ዓመት የሞላው፥ ለሥራውም የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ያለው እንዲሆን አዝዟል፤ የቪዛና የደርሶ መልስ ጉዞ ወጪን በአሠሪው ላይ፥ የፓስፖርትና የጤና ምርመራ ወጪን በሠራተኛው ላይ አድርጓል። እንግዲህ አንድ ሰው መጥቶ «ለቪዛ ይህን ያህል ሺህ ክፈሉ» ቢላችሁ፥ የሚጠይቃችሁ አሠሪው ሊከፍለው የሚገባውን መሆኑን ዕወቁ። በመተማ አድርጎ በሱዳን በኩል የሚወስደው መንገድ ድሮም ክፉ ነበር፤ በሱዳን ጦርነት ከተነሣበት ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የባሰ ሆኗል።

እስከ አሁን ስለሚሄደው ተናገርን፤ ስለሚመጣውም አንድ ነገር እንመስክር። በ2013 ዓ.ም. ከመተከል የተፈናቀሉ ብዙ ወገኖቻችን በቻግኒ አጠገብ ራንች በተባለው ስፍራ ሰፍረው ነበር፤ ጥቂቶቹም ዘመድ ፍለጋ እስከ እኛ ዘንድ ደረሱ። ምእመናን እህልና ብርድ ልብስ አዋጥተው አደሉ፤ ዕደላውም የሚደረገው በአንዲት መበለት ግቢ ነበር። ከተረጂዎቹ አንዱ ሁለት ወር ሙሉ እየመጣ ድርሻውን ተቀብሎ አንገቱን ደፍቶ ይሄድ ነበር። በሦስተኛው ወር መበለቲቱ ራሷ፥ «ወንድሜ፥ አገርህ ሳለህ ሥራህ ምን ነበር?» ብላ ጠየቀችው። ልብስ ሰፊ ነበረ፤ መኪናው ከቤቱ ጋር ተቃጥሎበታል። በዚያው ቤት ውስጥ፥ እህሉ ከሚሰፈርበት ሦስት እርምጃ በማይሞላ ርቀት፥ የሟች ባሏ ሲንጀር የልብስ ስፌት መኪና ጨርቅ ተሸፍኖ ተቀምጦ ነበር። እኛም እህሉን እየሰፈርን ስም ከሚጽፉት መካከል ነበርን፤ በመዝገቡ ላይ ስም፥ የቤተ ሰብ ብዛትና የተቀበለውን መጠን ጽፈናል። ሙያ የሚል ዓምድ አላሰመርንም።

ያ ቀርከሃ ሠሪ ተማሪያችን ከተመለሰ በኋላ ብዙ ሳይቈይ በክልላችን ግጭት ተነሥቶ መንገዱም ትምህርት ቤቱም ስለ ታወከ፥ ለመመዘን የነበረው አሳብ ዘገየበት። እስከዚያው ከአባቱ ጋር ይሠራል። አዲስ አበባ ላይ ያየውን ማጠፊያ ያለው ወንበር ከራሱ አሳብ ጨምሮ ሠርቶ አሳይቶናል፤ አንዱ እግሩ ጥቂት ያነክሳል። የእንጨት ሥራ ምዘና ለመቀመጥ ዛሬም ቁርጥ አሳብ አለው። አዲስ አበባ ድጋሚ ለመሄድ ያስብ እንደ ሆነ ጠይቀነው፥ «አሁን ብሄድ የምሄደው ወደዚያ ሰውዬ ነው» አለን። የባለሙያውን ስልክ ግን በዚያን ቀን አልተቀበለም ነበር፤ ያለበትን ሰፈር ብቻ ያስታውሳል።

እኛም ከዚያ ወዲህ አንድ ደብተር ገዛን። ዋጋው ትንሽ ነው፤ ለመግዛት የወሰደብን ዘመን ግን ሃያ የሚጠጋ የማስተማር ዓመት ነው። በአንዱ ዓምድ የተማሪው ስም፥ በሁለተኛው እጁ የሚያውቀው ሥራ፥ በሦስተኛው ያንን ሥራ የሚሠራና ልናገናኘው የምንችል ሰው ይጻፍበታል። ሦስተኛው ዓምድ ገና ብዙ ባዶ አለው። አንባቢዎቻችን በየከተማው ያላችሁ ባለሙያዎች፥ ከአዊ የመጣ ልጅ ሥራ ለምኖ በራችሁ ላይ ቢቆም «ምን ትችላለህ?» ብላችሁ አንድ ጊዜ ብቻ አትጠይቁት፤ ሁለተኛም ጠይቁት፥ አባቱ ምን እንደሚሠራም ጠይቁት።

ባለፈው ቅዳሜ አንድ የ11ኛ ክፍል ልጅ ወደ ቤታችን መጣ። ትምህርቱን ትቶ ሊሄድ እንዳሰበ ነገረን። ከመሄዱ በፊት ዓመቱን እንዲፈጽም ለመንነው፤ አልተስማማም፤ እምቢም አላለም። ከዚያ ደብተሩን ከፍተን ስሙን ጻፍንና፥ «እጅህ ምን ያውቃል?» አልነው።

«ምንም፥ ጋሼ» አለ።

በርጩማውን ወደ እሳቱ አስጠግተን እንዲቀመጥ ነገርነው፤ ባለቤታችንም ቡና እንድታፈላ ጠየቅናት።